እርሾና ሻጋታ በአንድ በርሜል

እኔ መድኃኒት ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። መድኃኒት ለሚገዛኝ ሁሉ ምክር በነጻ እጨምራለሁ፤ ምክሬ የማይጥመው ካለ ከመንገዱ ማዶ ሌላ መድኃኒት ቤት አለለት። በዚህ ሁሉ ዘመን ራስ ምታቱን ረስቶ ጎረቤቱን የሚያማ፣ የሌላ ሰው ማዘዣ ይዞ የሚሟገት፣ የሳል ሽሮፑን ጨርሶ «አልጣፈጠኝም» እያለ ባዶ ጠርሙስ የሚመልስ ደንበኛ አይቻለሁ። የፈንገስ ቅባት በካርቶን ካልሸጥህልኝ ብለው የተጣሉኝ ግን እማማ እርሾ ብቻ ናቸው።

የተገናኘነው በአጋጣሚ ነው። ለምሳ ልወጣ መዝጊያውን ስስብ ከች አሉ። ነጭ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ ነበሩ፤ በዚያ ሽርጥ ላይ ጠብታ ቆሻሻ ያየ ሰው እስከ ዛሬ አልተወለደም።

«የፈንገስ ቅባት አለህ?» አሉኝ።

«አለ። የት ላይ ነው ያሳከከዎት?»

«እኔን ምን ያሳክከኛል? ስንት ካርቶን አለህ?»

«ለማን ሊሆን ነው ይህ ሁሉ?»

«ለልጄ ሚስት።»

«ምኗን ይዟት ነው?»

«ክፍሏን» አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይፈታ።

እዚህ ላይ ሴትዮዋን ላስተዋውቃችሁ። እማማ እርሾ ከመድኃኒት ቤቴ ጀርባ ያለው የነዳጅ አልኮል ማምረቻ ባለቤት ናቸው። ስኳር ፋብሪካ ስኳሩን ካወጣ በኋላ የሚተርፈውን ሞላሰስ፣ ያንን የጠቆረ ዝልግልግ ጣፋጭ፣ እየገዙ በእርሾ ያብላላሉ፣ ያነጥራሉ፣ ምድጃ የሚነድበትን አልኮል ይሸጣሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ማምረቻውንም አንድ ልጃቸውንም ያቆሙት ብቻቸውን ነው። እርሾውን እንፋሎት ከሚያፈላው ቦይለር አጠገብ በክዳን ድስት ያኖሩታል፤ ይመግቡታል፣ ሲያኮርፍም ያባብሉታል። ሰፈሩ እማማ እርሾ ያላቸው ለዚህ ነው።

ልጃቸው የማሽን ሰው ነው፣ እጁ ወርቅ። ያገባት ልጅ ደግሞ በዓይን ስለማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት ዩኒቨርሲቲ ገብታ የተማረች ናት። ሙሽራዋ በገባች በመንፈቋ ስኳር ፋብሪካው «ከእንግዲህ ሞላሰሱን ለራሴ እፈልገዋለሁ» ብሎ በሩን ዘጋ። ያለ ሞላሰስ ማምረቻው የባዶ በርሜል መጋዘን ነው። ያኔ ሙሽራዋ፣ ገበሬ በየማሳው የሚያቃጥለውን የበቆሎ አገዳ በሻጋታ ኃይል ወደ ስኳር፣ ስኳሩን ወደ ነዳጅ እለውጣለሁ ብላ ተነሳች። እማማ እርሾም በልጃቸው ልመና አንድ የዕቃ ክፍልና አንድ በርሜል ሰጧት። ከበርሜሉ የሚነድ አልኮል ከወጣ ይቀጥላል። ካልወጣ ክፍሉ ወደ ዕቃ ቤትነቱ ይመለሳል፣ የሻጋታም ወሬ በዚያ ቤት አይነሳም።

ጉዱ ግን ሻጋታው አልነበረም። ጉዱ ልጃቸው ከሥራ በኋላ እንደ ድሮው ወንበር ስቦ እናቱ አጠገብ መቀመጡን ትቶ ከሚስቱ ጋር በዚያች ክፍል መዋሉ ነው። ሁለቱ በአንድ ማይክሮስኮፕ ተራ በተራ እያዩ ይሳሳቃሉ፤ እናት በመስኮት ያዩዋቸዋል። እኔ የተማርኩት የመድኃኒት ነገር ነው፤ የዚህ ሕመም ስም ቅናት መሆኑን ለማወቅ ግን ትምህርት አያስፈልግም።

ቅባቱ የተሠራው ለእግር ጣት እንጂ ለመደርደሪያ አይደለም ብዬ አሰናበትኳቸው። «እንግዲያው የራሴን መድኃኒት አላጣም» ብለውኝ ወጡ። እኔም ሆዴ ሲጮህ ነበርና ነገሩን ችላ አልኩት።

በማግስቱ ደግሞ ልጃቸው መጣ፣ የራስ ምታት ክኒን ሊገዛ። ከክኒኑ ጋር ጭንቀቱንም አራገፈብኝ። ሩቅ አገር ያለ ትልቅ የወረቀት ፋብሪካ ሚስቱን ለሥራ ጠይቋታል፤ እሱንም በመካኒክነት ይወስደዋል። በርሜሉ ካልተሳካ ሚስቱ እዚህ ቤት የምትሠራው የላትም፤ ስለዚህ ይሄዳሉ፣ እሱም እሺ ብሏል። ለእናቱ መናገር ግን አቅቶታል። «ጋሼ፣ እርስዎን ይሰማሉ፤ ቀስ ብለው ይንገሩልኝ» አለኝ። ቀስ ብሎ መናገር የእኔ ተፈጥሮ አይደለም፤ ጎረቤት ነኝና ምን ላድርግ፣ እሺ አልኩት።

ማምረቻው ግቢ ስገባ አማትና ምራት በሻጋታዋ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ክፍሏ ጠባብ ናት። በየመደርደሪያው እርጥብ ፉርሽካ የተነጠፈባቸው ትሪዎች ተደርድረዋል፤ በፉርሽካው ላይ አረንጓዴ ሻጋታ እንደ ከፋይ ጨርቅ ለስልሶ በቅሏል። ጥግ ላይ ተፈጭቶ፣ በኖራ ውሃ ተቀቅሎና ታጥቦ የለሰለሰ አገዳ ተከምሯል። በርሜሉ ተከድኖ በእንፋሎት ቱቦ ተከቦ ቆሟል። እማማ እርሾ ሽርጣቸው ግድግዳ እንዳይነካባቸው መካከል ላይ ቆመዋል፤ ሙሽራዋ ደግሞ እጆቿን አጣምራ እንደ ተማሪ ፊታቸው ቆማለች።

«ና ግባ፣ የተማረ ሰው ነህ፣ ፍረድ» አሉኝ እማማ እርሾ። «ሻጋታ ዳቦ ያበላሻል፣ ግድግዳ ያበላሻል፣ ሳንባ ያሳምማል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳባርረው የኖርኩትን ጉድ ይህች ልጅ መደርደሪያ ሠርታ ታሳድገዋለች።»

«ልክ ነዎት እማማ» አለች ሙሽራዋ፤ ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «ዳቦ ያበላሻል። ግን ለምን ያበላሸዋል? ስለሚበላው ነው። አፍ የለው፣ ጥርስ የለው። ምራቅ የመሰለ ነገር ይተፋበትና ምግቡን ውጭ አሟሙቶ ይመጠዋል። ኢንዛይም የምንለው ያንን ምራቁን ነው። እኔ የምፈልገው ሻጋታውን አይደለም፣ ምራቁን ነው።»

«ምራቅ ሰብስቦ ፋብሪካ ያቆመ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉ ወደ እኔ ዞረው።

መልስ ልሰጥ ስል ልጅቱ ቀደመችኝ። እኔ መቀደም አልወድም፤ ግን ጥያቄዋ ጥሩ ስለነበር ይቅር አልኳት።

«እማማ፣ እርሾዎን አገዳ ላይ ቢያፈሱት ምን ይሆናል?»

«በረሃብ ያልቃላ። አገዳ ምን አለው ብሎ ነው የሚበላው?»

«አገዳውኮ ስኳር ነው፤ ተቆልፎ ነው እንጂ። ዶቃ በክር ተሰክቶ፣ ክሩ ከክር ጋር ተገምዶ፣ ላዩ ደግሞ በሙጫ ተለስኖ ያስቡት። እርሾዎ የተፈታውን ዶቃ ይውጣል እንጂ ክሩን መዋጥ አይችልም። በኖራና በእንፋሎት መቀቀሌ ሙጫውን ለማላቀቅ ነው። የሻጋታው ኢንዛይም ደግሞ መቀስ ነው፤ ክሩን እየቆረጠ ዶቃውን ያራግፋል። ያኔ ለእርስዎ እርሾ ምግብ ሆነ ማለት ነው።»

አንባቢ ሆይ፣ እኔ ይህን ነገር በመጽሐፍ ተምሬው ነበር፤ እንዲህ ቀለል ብሎ ሲነገር ግን ሰምቼው አላውቅም። እማማ እርሾም ለአፍታ ዓይናቸው በርሜሉ ላይ ቀረ። የገባቸው መሰለኝ። የገባው ሰው ደግሞ፣ ቅናት ካለበት፣ ካልገባው ይበልጥ ይቆጣል።

«ሞላሰስ ዘመኔን ሙሉ አኑሮኛል» አሉ። «መቀስ ሳያስፈልገው፣ ምራቅ ሳያስፈልገው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፣ ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ እማማ። ግን የሞላሰሱ ጌታ በሩን ዘግቶብናል። የአገዳው ጌታ ደግሞ የሚያነሳለት አጥቶ ያቃጥለዋል። ጭሱ እዚህ ድረስ መጥቶ ያስለናል።»

«እሺ፣ ስኳርሽ የታለ? ወጣ ወጣና ቆመ እያልሽ ለባልሽ ስትነግሪው ሰምቻለሁ።»

ሙሽራዋ ፊቷ ቀላ። ስኳሩ መጀመሪያ ጥሩ ወጥቶ እንደነበረ፣ ከዚያ ግን ሻጋታው የሰነፈ ይመስል ቀጥ ብሎ እንደቆመ፣ ምክንያቱንም ገና እንዳላገኘችው አልደበቀችም። መጽሐፉ የሚለውን ያህል ሙቀትም አልደረሰላትም፤ ያው አሮጌ ቦይለር የእማማን ማንጠሪያና የእሷን በርሜል አንድ ላይ ማሞቅ አልቻለምና በርሜሏ ለብ ከማለት ብዙም አላለፈም። ነገ ከፍታ ታየዋለች። ይህን ብላ አገዳ ሊያወርዱ የመጡትን ሠራተኞች ልታናግር ወጣች።

«አየህ?» አሉኝ እማማ እርሾ፤ ግን የማሸነፍ ድምፅ አልነበረም። «ድሮ ልጄ ስኳር የሚለካው ከእኔ ጋር ነበር። ‹እማዬ፣ ቅመሺው› ይለኝ ነበር። አሁን ምን ያድርገኝ? መሣሪያ አላቸው።»

ይህችን አጋጣሚ ተጠቅሜ የታዘዝኩትን ተናገርኩ። ቀስ ብዬ ልናገር አስቤ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉም በአንድ ትንፋሽ ወጣ። የወረቀት ፋብሪካው፣ የመካኒክነቱ ሥራ፣ በርሜሉ ካልሠራ ልጃቸው ሚስቱን ተከትሎ የሚሄድ መሆኑ።

እማማ እርሾ ኖራ በተሞላ ጆንያ ላይ በዚያ ነጭ ሽርጥ ቁጭ አሉ። ከኔ ቅባቱን ካጡ በኋላ ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ጠብቀው፣ ከድስታቸው እርሾ ቀድተው በርሜሉ ውስጥ መገልበጣቸውን የነገሩኝ ያኔ ነው። እርሾ በበረታበት ሻጋታ አይገባም የሚለው ከእናታቸው የወረሱት ዕውቀት ነው፤ እርሾው የልጅቱን ሻጋታ ፈጅቶ በርሜሉን ያኮመጥጠዋል ብለው ነበር።

«ማውጣት ይቻላል?» አሉኝ።

«የፈሰሰ ውሃ ይታፈሳል እንዴ?»

«ልጄን በገዛ እጄ ሸኘሁት በለኛ።»

ሄደው ለልጅቱ እንዲነግሯት መከርኳቸው። ከስህተት ይልቅ ስህተትን መሸሸግ ቤት እንደሚያፈርስ፣ ሙሽራዋ አስተዋይ እንደሆነች፣ ሌላም ሌላም አልኩ፤ እኔ ምክር ከጀመርኩ ማቆሚያ የለኝም። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን ለልጄ ሚስት ከምናገር ምላሴ ይቆረጥ አሉኝ። ከዚያ ተነስተው ከቀሚሳቸው ላይ ኖራውን ሳያራግፉ ሄዱ። እማማ እርሾ ቆሻሻ ሳያራግፉ ሲሄዱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ቀን ሙሽራዋ በርሜሉን መክፈቷን የነገሩኝ ሠራተኞቹ ናቸው። ሲከፈት እንደ ጉድ ይፈላ ነበር አሉ፤ ሙሽራዋም ጎንበስ ብላ ካሸተተች በኋላ አንዲት ቃል ሳትናገር መልሳ ከደነችው። ለባሏም ለማንም ምንም አላለችም። እማማ እርሾ ይህን ሲሰሙ፣ ነቅታብኛለች ብለው እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። መፍላቱ ሲረጋ በርሜሉ ወደ ማንጠሪያው ይገለበጣል ተባለ። የሚገለበጥበት ዕለት መድኃኒት ቤቴን ለረዳቴ ትቼ ሄድኩ፤ ምክንያቴ የአልኮል ጀሪካን ላስሞላ ነው የሚል ነበር፤ ጀሪካኔ ግን ሙሉ ነበር።

እማማ እርሾ ቦይለሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ቦይለሩ ያን ቀን እንፋሎት እየለቀቀ ያፏጫል፤ ከአጠገባችሁ ያለ ሰው ቢጠራችሁ አይሰማም። ልጃቸው ከጠዋት ጀምሮ ወጥቷል። እሳቸው የእርሾውን ድስት ክዳን ያነሳሉ፣ ይመልሳሉ።

ሙሽራዋ ከማንጠሪያው በኩል እየሮጠች መጣች። በእጇ ትንሽ ጠርሙስ ይዛለች። በሩ ላይ ቆማ ጮኸች፦

«እማማ፣ ቀንቶዎታል!»

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ቋንቋችን የሰውን መልካም ዕድልና የሰውን ቅናት በአንድ ግቢ ነው ያሳደራቸው። «ቀንቶዎታል» ያለዎት ሰው ተሳክቶልዎታል ማለቱ ነው። «ቀንተዋል» ካለዎት ግን ምቀኝነትዎ ታውቋል ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው ድምፅ ትንሽ ናት፤ እሷንም ያን ቀን ቦይለሩ ዋጣት።

«አዎ፣ ቀንቻለሁ» አሉ እማማ እርሾ።

ሙሽራዋ ባለችበት ቆመች።

«ማን ነገረሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ቀንቻለሁ። እርሾዬን በርሜልሽ ውስጥ የገለበጥኩት እኔ ነኝ፣ ሻጋታሽን እንዲገድልልኝ ብዬ። ልጄ ከእኔ ጋር ያወራው የነበረውን ሁሉ ከአንቺ ጋር ሲያወራ ጊዜ አላስቻለኝም። በዚያች መስኮት ስትስቁ አያችኋለሁ፤ በእኔ የምትስቁ ይመስለኛል። እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ይመስለኛል። ይህን ቤት ስሠራ ክንዴ ተቃጥሏል፣ ዓይኔ ፈዝዟል፤ አንቺ በአንድ ትሪ ፉርሽካ መጥተሽ ልጄን ወሰድሽው አልኩ። አሁን በርሜሉም ተበላሸ፣ እናንተም ልትሄዱ ነው። ፍረጂብኝ።»

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ አበው። ያን ቀን ያወጣው እንፋሎት ነው። እኔ እዚያው ጀሪካኔን ታቅፌ ቀረሁ።

ሙሽራዋ ቀስ ብላ ሄዳ የእንፋሎቱን ቧንቧ ዘጋችው። ፉጨቱ ሲቆም ቤቱ ጸጥ አለ።

«እማማ» አለች፣ «እኔ ያልኩት ቀንቶዎታል ነው።»

«ምን?»

«ተሳክቶልዎታል ነው ያልኩት። በርሜሉን ስከፍት እርሾዎን አገኘሁት። ሽታው የዚህ ድስት ሽታ ነው፣ በማይክሮስኮፑም አየሁት። ሊረዱኝ የጨመሩልኝ መስሎኝ ነበር። ነጥሮ እስኪነድ ድረስ ለማንም ሳልናገር ልጠብቅና ያኔ አመሰግንዎታለሁ ብዬ ነበር። በመስኮት ቆመው ሲያዩን የኖሩት ለካ ችግሬን ሲያጠኑ ነው ብዬ ነበር።»

እማማ እርሾ የድስቱን ክዳን መልሰው ገጠሙ። ሰው ሊያመሰግናቸው መጥቶ እሳቸው ኃጢአታቸውን ዘረገፉለት። ሙሽራዋ ጠርሙሱን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች።

«ተናድጃለሁ» አለች። «አልዋሽዎትም። ያንን በርሜል ለማድረስ እንቅልፌን አጥቻለሁ፤ ሊያጠፉብኝ ነበር።»

«ነበር» አሉ እማማ እርሾ።

«እኔስ ግን ቅናት የማይዘኝ ይመስልዎታል? ልጅዎ ምንም ነገር ባሳየው የሚለው አንድ ነው፤ ‹እማዬ ብታየው›። ስኳሩ መጀመሪያ የወጣ ቀን ጮቤ ረግጬ ባስቀምሰው ‹እማዬ ብትቀምሰው ስንት እንደሚቀረው ትነግረን ነበር› አለኝ። የእኔን መሣሪያ ሳይሆን የእርስዎን ምላስ ነው የፈለገው። ያን ዕለት ድስትዎን አንስቼ ከግቢ ውጭ ልደፋው አምሮኝ ነበር።»

እማማ እርሾ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «እንዲህ ይላል?»

«ሁልጊዜ።»

«እንዲህ ማለቱን ማን ነገረኝ?»

እዚህ ላይ ሁለቱም አለቀሱ። እኔ የሴት እንባ ፊት የምቆምበት አላውቅምና ጠርሙሱን አንስቼ ጥቂት ጠብታ በብረት ሰሃን ላይ አፍስሼ ክብሪት ጫርኩበት። ሰማያዊ ነበልባል ሆኖ ነደደ፣ ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው። ያ ከወር በፊት ማሳ ላይ የወደቀ አገዳ ነበር። እማማ እርሾ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ልክ የሌላ ሰው ልጅ ቆንጆ ሆኖ ታይቷቸው እንዳፈሩ ሰው።

«እንግዲህ ንገሪኝ» አሉ። «እርሾና ሻጋታ እንዴት ሳይጣሉ ቀሩ?»

ሙሽራዋ ነገረቻቸው። በርሜሉ ውስጥ ሲሠራ የነበረው ከሻጋታው ተጨምቆ የወጣው ኢንዛይም እንጂ ሻጋታው ራሱ አልነበረም፤ ስለዚህ እርሾው የሚገድለው ጠላት አላገኘም። ኢንዛይሙ ግን አንድ ደዌ አለበት። ስኳር ባራገፈ ቁጥር ያራገፈው ስኳር መልሶ ይከብበውና ያስረዋል፤ እጁን ዕቃ ሞልቶት መሥራት ያቃተው ሰው ማለት ነው። ስኳሩ ቆመ ያለችው ለዚህ ነበር። እርሾው ሲገባ ስኳሩን እየበላ ወደ አልኮል ለወጠው፣ ኢንዛይሙም እጁ ተፈታለትና መቁረጡን ቀጠለ። አንዱ ያራግፋል፣ አንዱ ያነሳል። ሌላ እርሾ ቢሆን በዚያ ሙቀት ይልፈሰፈስ ነበር፤ የእማማ እርሾ ግን ስንት ዓመት ቦይለር አጠገብ የኖረ ነው፣ ሙቀት ለምዷል። ቦይለሩ ደክሞ በርሜሉን ለብ ብቻ ማድረጉም፣ ሁለቱን አስማምቶ ለማኖር ሳይታሰብ ደህና ሆነ።

«ስለዚህ እኔ ቤቱን ላፈርስ ብዬ ማገር አቆምኩ በይኛ» አሉ።

«አዎ። ግን ሁለተኛ ሳይነግሩኝ እንዳይጨምሩ።»

«ቃሌ ነው» አሉና ወዲያው ጥያቄ ጀመሩ። ሰው መለወጡ የሚታወቀው እሺ ሲል አይደለም፣ ሲጠይቅ ነው። አገዳው ሁሉ ከማሳ ከተለቀመ አፈሩ ምን ይበላል አሉ፤ ሙሽራዋም ከፊሉ ብቻ እንደሚነሳ፣ የቀረው ለአፈሩና ለከብቱ እንደሚተው ነገረቻቸው። የአናጢው ሰጋቱራስ ይሆናል? ይሆናል፣ ግን ሙጫው ይበረታል፣ መቀቀሉ ይረዝማል። የሻጋታው ብናኝ ሠራተኞቹን አያሳምምም? ያሳምማል፤ ስለዚህ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ግድ ነው፣ ክፍሉም በየቀኑ ይጸዳል። ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። እንዲህ ከሆነ ያ የሻጋታ ክፍል ምኑ ንጹሕ ነው ብለው መጥረጊያ አስመጡ። ሙሽራዋ ሳቀች፤ እኔም በልቤ፣ ምቀኛ አታሳጣኝ ያሉት አባቶች ምን ማለታቸው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዚህ ታሪክ የሚጠቀም ካለ ጥቅሙን በግልጽ ልናገር፤ መቼም ዝም ብዬ አላውቅም። ሞላሰስን ብቻ የሚጠብቅ ማምረቻ የአንድ በር ለማኝ ነው፤ በሩ ሲዘጋ ይራባል። አገዳ፣ ገለባ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳ ግን በየማሳው አለ፤ የሚበላ እህል ሳንነካ ከማይበላው ነዳጅ ማውጣት ይቻላል። ገበሬው የሚያቃጥለውን ይሸጣል፣ ሕፃናት ከዚያ ጭስ ያርፋሉ፣ እንጨት ለቅማ የምታነድ ቤት ጥላሸት የሌለው ነበልባል ታገኛለች። ሥራው ግን ቀላል አይደለም፤ መቀቀል አለ፣ ማጠብ አለ፣ መጠንቀቅ አለ። እኔ ራሴ ሻጋታ ማለት ዳቦ አበላሽ ብቻ እየመሰለኝ ስንት ዓመት ቅባት ሸጥኩ። አዲስ ዕውቀት ቤታችሁ ሲገባ በመስኮት አትዩት፤ በበሩ ግቡና ጠይቁት። ቅናት ከያዛችሁም ተናገሩት፤ የሚያንቀው ያልተነገረው ነው።

አማትና ምራት በሻጋታዋ ክፍል ውስጥ እንዲህ ሲነጋገሩ ልጁ መጣ። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውሎ ስለነበር በርሜሉ መሳካቱን ከማንም አልሰማም። ስኳሩ መቆሙን ከሚስቱ ከሰማ ወዲህ ተስፋ ቆርጦ፣ ዕቃ የሚጭን መኪና ተነጋግሮ፣ ለወረቀት ፋብሪካውም እንመጣለን ብሎ፣ ወኔውን ሰብስቦ ነው የገባው። እናቱንና ሚስቱን ትሪ በመካከላቸው አድርገው ራስ ለራስ ገጥመው ሲያገኛቸው ግራ ገባው። ወኔው ሳይበርድበት ግን ተናገረ።

«እማዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቀድሜ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር። እኔና እሷ ልንሄድ ነው፣ መኪናም ተስማምቻለሁ።»

እማማ እርሾ ከትሪው ላይ ቀና ብለው ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ስንት ወር የፈሩት ቃል ይህ ነበር።

«አንተ ከፈለግህ ሂድ» አሉት። «እሷ ግን የትም አትሄድም።»

ከዚያ ወደ ሙሽራዋ ዞረው ፉርሽካው በምን ያህል ውሃ እንደሚርስ ጠየቋት። ልጁ እናቱን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እኔንም አየኝ። ሁለቱ ሥራ ይዘው ስለነበር የመለሰለት አልነበረም።